የእናቴ አፍንጫ

እናቴ መታመሟን ያወቅኩት እጄን ሳታሸት የቀረች ቀን ነው።

ቤታችን ደንብ ነበረው። ከውጭ የገባ ሰው፣ ልጅም ሆነ እንግዳ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ «እጅሽን ታጥበሻል?» ይባላል። «ታጥቤያለሁ» ማለት አይበቃም። «እስቲ አምጪ» ብላ ይዛ ታሸተዋለች። ሳሙና ካልሸተታት ወደ ጓሮ፣ ወደ ውሃው በርሜል ትሰድዳለች። ሰርግ ሲጠሯት የራሷን ስኒ በሻሽ ጠቅልላ ትሄዳለች። ሰደቃ ላይ የቀረበላትን ለሰው ፊት ብላ ከንፈሯን አስነክታ ትመልሰዋለች። ሥጋ ከበላችም ቀይ ሥጋ ነው፣ እሱንም ራሷ ያጠበችውን። ጨጓራ፣ ምላስ፣ ጭንቅላት የሚባል ነገር ደጃችንን አልፎ አያውቅም። የቆቦ ሴቶች «እሷ እኮ ዝናቡም ታጥቦ ካልወረደ አትጠጣም» እያሉ ይተርቧት ነበር። እሷም ትርቡን እንደ ምርቃት ትቀበለው ነበር።

ያን ቀን ከአዲስ አበባ መጥቼ ከሚኒባስ ወረድኩ፤ ከነአቧራዬ ባጃጅ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ሳመችኝ። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። አየችው፤ ከዚያ ዞር ብላ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረች። አብረዋት የነበሩት ጎረቤቶች «ዛሬስ ማረችሽ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሳልታጠብ ተቀመጥኩ፣ ሳልታጠብ በላሁ፣ የበላሁትም አልወረደልኝም።

ሥራዬ የአንጎል ስብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ ላቦራቶሪ የበግ አንጎል ከቄራ አስመጥቼ እፈጫለሁ፤ ከዚያ በክሎሮፎርም ስቡን ከሌላው እለያለሁ። አንጎል ውሃው ሲወጣለት ከግማሽ በላይ ስብ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል፤ እኔን መደነቁ ለቆኝ ማቅለሽለሹ ብቻ ቀርቶኛል። ነርቮቻችን በስብ ተሸፍነው ነው የሚሠሩት። በመርሳት በሽታ፣ በሌሎቹም አንጎልን ቀስ በቀስ በሚበሉ በሽታዎች፣ ይህ ስብ ይበላሻል። ሰውነት ሲጎዳ ደግሞ ከዚያው ስብ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሕመምን ያባብሳሉ፣ አንዳንዶቹ ያበርዳሉ። እኔ የማሳድደው እነዚህን ቁርጥራጮች ነው።

ስሙ ሲጠራ ያምራል። ሥራው ግን ቀፋፊ ነው፤ ለምን እዋሻለሁ? የተፈጨ አንጎል ሕፃን ያስመለሰው ወተት ይመስላል። አልፎ አልፎ በአዙሪት የታመመ በግ ጭንቅላት ይመጣል፤ ሲከፈት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከመሃሉ ይዘረገፋል። ስቡ አየር ሲመታው የከረመ ቅቤ ሽታ ያመጣል፤ ያን ሽታ ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ሆኜ እለየዋለሁ። አፍንጫዬን የወረስኩት ከእናቴ ነው። በጣቴ ላይ ያለች የቅባት ጠብታ ውጤቱን ስለምታበላሽ ሎሽን አልቀባም፤ ፀጉሬንም ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ከጊዜ ብዛት ቅባት የሚባል ነገር ሁሉ አስጠላኝ። ወጥ ላይ የተንሳፈፈ ቅቤ ሳይ በማንኪያ ገፍፌ እጥለዋለሁ።

ለእናቴ ሥራዬን መጀመሪያ የነገርኳት ቀን ዓይኗን አፍጥጣ «በእጅሽ?» አለችኝ።

«በጓንት ነው እማ።»

«ጓንቱ ውስጥ ያለው የማን እጅ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ቆቦ በሄድኩ ቁጥር ከሳሙናው በተጨማሪ ሎሚ ታዘዘብኝ። በሎሚ አሽቼ ካልታጠብኩ በቀር ሳህኗንም አላስነካችኝም። ስለዚህ እጄን ሳታሸት የቀረች ቀን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባኝ እኔን ነው። ሐኪሞቹ ስሙን፣ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ ኋላ ነገሩን።

እናቴን የምታስታምማት ታናሽ እህቷ ናት። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ መስገጃዋን ታነጥፍላታለች። አንድ ቀን ደውላ «ልጄ፣ አንቺ የናላ ሐኪም አይደለሽ? ምኗን ነው የነካት?» አለችኝ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ለሺህኛ ጊዜ አስረዳሁ። ናላ የምትለው አንጎልን ነው። ልታዝንብኝ ሆነ፤ ስለዚህ በቀላል አማርኛ ላስረዳት ሞከርኩ። አንጎል ብዙው ስብ ነው፤ በዚህ በሽታ ስቡ እየተበላሸ፣ እየሳሳ ይሄዳል አልኳት። «አሃ!» አለች አክስቴ። ያን «አሃ» መጠርጠር ነበረብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ዘንድሮ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ የግቢውን በር ሳልከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ሽታው የላቦራቶሪዬ ሽታ ነበር። መጀመሪያ ከራሴ ልብስ የመጣ መስሎኝ ሻሼን አሸተትኩ። ኋላ ስገባ ገባኝ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አናቷ ላይ ጥፍጥፍ ቅቤ ተደርጓል፤ በላዩ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ሻሽ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። የቆቦ ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ በጆሮዋ ሥር፣ በአንገቷ፣ በጉንጯ ያወርደዋል። ዝንቡን ልተወው። ያቺ ሻሿን በቀን ሁለት ጊዜ የምትቀይር ሴት ነች እንግዲህ። ከፊቷ አክስቴ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ተቀምጣለች፤ ሳህኑ ውስጥ በጨው የተቀቀለ የበግ አንጎል አለ፤ ነጭ፣ የሚንቀጠቀጥ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ፤ ሰላምታም ሳላቀርብ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ስቡን እየመለስንላት ነው» አለች አክስቴ፤ ፊቷ በርቷል። «ተላይ በቅቤ፣ ተውስጥ በናላ። አንቺ እንዳልሽው!»

እኔ እንዳልኩት! ስንት ዘመን ተምሬ፣ ስንት በግ ፈጭቼ፣ ያወቅኩት ሁሉ ቆቦ ሲደርስ በሻሽ የታሰረ ቅቤ ሆነ። ደግሞ ነገሩ በእኛ ቤት አላበቃም። «የተማረችው ልጇ ያዘዘችው ነው» ተብሎ ተወርቶ፣ ሰፈሩ በግ ባረደ ቁጥር ጭንቅላቱ ወደ እኛ ይላካል። በደረስኩ በሰዓቱ አንድ ባለባጃጅ በር ላይ ቆሞ «የናላ ሐኪሟ ቤት ይሄ ነው?» አለና ደሙ የሚንጠባጠብ ፌስታል አቀበለኝ። ቀንዱ ፌስታሉን ቀዶ ወጥቷል። ራስ ምታት ያለባቸው ሁለት ጎረቤቶችም ቅቤውን ጀምረውት ኖሯል።

ይህን ሁሉ በንዴት አልፈው ነበር። ያላለፍኩት የሚቀጥለውን ነው። አክስቴ ከነጩ ነገር በጣቷ ቆርሳ ወደ እናቴ አፍ አቀረበች። እናቴ አፏን ከፈተች። ጭንቅላት የተቀቀለበት ድስት ያለበት ቤት ውሃ አልጠጣም ስትል የኖረች ሴት፣ አፏን ከፍታ ዋጠችው። ከዚያ ለሌላ ጉርሻ ከፈተች።

ጓሮ በርሜሉ ሥር ሄጄ አስመለስኩ። እዚያው ተንበርክኬ፣ እናቴ አበቃላት ብዬ አሰብኩ። ስሜን ከረሳች ቆይታለች፤ ያን ችዬዋለሁ። ስም ሌላ ሰው የሚያወጣልን ነገር ነው። ጥየፋዋ ግን የራሷ ነበር። እሱ ከሄደ መደቡ ላይ የተቀመጠችው ማን ናት?

ወደ ቤት ተመልሼ ከአክስቴ ጋር ተጣላሁ። ናላ ቢበሉት ሆድ እንጂ ናላ እንደማይገባ፣ ቅቤም የራስ ቅልን ዘልቆ እንደማይወርድ ጮኼ ነገርኳት። አክስቴ እንባዋ መጣ።

«ኸረ ተይ ልጄ! ሌላ ምን ላብላት? እንጀራ ሳጎርሳት በጥፊ ነው የምትለኝ። ቂጣም፣ ዳቦም አሻፈረኝ አለች። ናላውን ግን ወላሂ እሽ ብላ ትውጣለች። ገላዋ መድኃኒቱን አውቆት ነው እንጂ!»

«እነዚያ ጩኸቶችስ?» አልኳት። እናቴ እያቃሰተች ሻሿን ትጎትት፣ አንዳንዴም ድንገት እሪ ትል ነበር፤ ስደውልም ከጀርባ ሰምቼው አውቃለሁ።

«እሱማ በሽታው ሲለቅ ነው። ክሊኒክም ወስደናት የለ!»

ክሊኒኩን ላየው ብዬ በማግስቱ ሄድኩ። ያከማት ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ ስልኩን እያየ አናገረኝ። «እንደዚህ ያሉ አረጋውያን ሕመም ብዙም አይሰማቸውም፤ ዝም ብሎ መረበሽ ነው» አለኝ። የሰጣትም የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ሲያስረዳኝ ደግሞ በርኅራኄ ነው፤ እሱ ይበልጥ አቅለሸለሸኝ። የልጇን ስም የረሳች ሴት ጊንጥ ቢነድፋት አይሰማትም ያለው ማን ነው? ሕመም ከስም ጋር አይረሳም። የሚረሳው «እዚህ ጋ አመመኝ» ማለት ነው። ይህን ልነግረው ጀምሬ ተውኩት፤ ምራቄን የምተፋበት መሰለኝ።

ቤት ደርሼ ውሃ አስፈላሁ። አክስቴን «ቅቤው ይወርዳል» አልኳት፤ አልተከራከረችም። ሻሹን ፈታሁ፣ ፌስታሉን ገለጥኩ። ጓንት አልነበረኝም። የከረመው ቅቤ ከፀጉሯ ጋር ተጋግሮ፣ አቧራና የሞተ ዝንብ ይዞ፣ በጣቶቼ መሃል እየተሙለጨለጨ ወረደ። በአፌ እየተነፈስኩ፣ በሳሙና ደግሜ ደጋግሜ አጠብኳት። ዓይኔ ያነባ የነበረው ከሐዘን አይደለም፤ ከክርፋቱ ነው። የእናቴን ጭንቅላት ይዤ እናቴን ተጸየፍኩ፤ የሆነው ይህ ነው።

ቅቤው ሲለቅ ግን ፊቷ ወጣ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አይጦች አሉ። አይጥ አመመኝ አትልም፤ ስለዚህ ፊቷን ማንበብ ተምረናል። ዓይኗ ይጨፈናል፣ ጉንጯ ይቋጠራል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተማሪዎቼን ከፎቶ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ። አሁን ከመደቡ ላይ የሚያየኝ ያ ፊት ነበር። ግራ ዓይኗ ጠቧል፤ ግንባሯ ተቋጥሯል፤ ግራ ጉንጯ ከቀኙ ወፍሯል። ይህን ፊት ስንት ቀን በቅቤና በሻሽ ሸፍነን አስቀመጥነው! አፈርኩ ልበል? ከዕፍረት ይልቅ ሁለታችንንም ተጸየፍኩ፤ የአይጥ ፊት የማነበውን ራሴንም፣ ስልክ የሚያነበውን የክሊኒኩን ልጅም።

«አክስቴ፣ ናላውን ያምጡት» አልኩ።

ደነገጠች። «ትናንት ጮኸሽብኝ አልነበር?»

«ያምጡት። ስትበላ ልያት።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እናቴ አላኘከችም። ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። ስትውጥ አፍንጫዋ ተሸበሸበ። ትናንት ይህን ሳላይ ነው ወደ ጓሮ የሮጥኩት። ከዚያ ከእንጀራ ጫፍ ቆረስኩና አጎረስኳት። መንጋጋዋ አንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ጮኸች፤ በጥፊ አለችኝ።

ናላ ጥርስ አይፈልግም። ነገሩ ይኸው ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ እናቴ የምትጸየፈውን የዋጠችው መጸየፏን ረስታ ሳይሆን ርቧት ነው። በቤታችን ካለው ምግብ ሁሉ ሳያኝኩት የሚወርድ እሱ ብቻ ሆኖባት፣ ትርፍ ቀን ለመኖር ስትል፣ አፍንጫዋን ሸብሽባ ስትውጥ ከርማለች። እኛ ደግሞ ወደደችው ብለን እንጨምርላታለን።

አክስቴ የእናቴን እጆች ያዘችልኝ፤ እኔ አፏን በማንኪያ እጀታ ከፈትኩ። ሽታው ወጣ። ይህ የቅቤ አልነበረም፤ ይህን ለይቼ አውቀዋለሁ። ከቅቤው ሽታ ሥር ተደብቆ የኖረ፣ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ነው። በግራ በኩል ወደ ውስጥ፣ የጠቆረ መንጋጋ ጥርስ፣ ሥሩ አብጦ መግል የቋጠረ ድድ። ጥጥ ነካ ሳደርግበት መግሉ በጣቴ ላይ ወረደ።

«ያ ረቢ!» አለች አክስቴ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ጉንጯ ሲሞላ እኮ… ስቡ የገባላት መስሎኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ወፈረችልኝ ብዬ ነበር» አለችኝ።

የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ወደ ወልድያ ሄድን። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ሮቢት ሳንደርስ ከፊታችን የተቀመጠች ደህና የለበሰች ሴት በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች፤ ጎብዬ ላይ ሰው ሲወርድ ጊዜ ሳትወስድ ቦታ ቀየረች። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን መስኮት ክፈቱ አለ። ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኔስ ትናንት በአፌ ስተነፍስ አልነበር? እናቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ፣ መኪናው በተናጠ ቁጥር ታቃስታለች። የምትተነፍሰው በቀጥታ ወደ ፊቴ ነው። ፊቴን አላዞርኩም፤ ማቅለሽለሹ ግን እስከ ወልድያ አልለቀቀኝም።

ሐኪሙ አደንዝዞ ነቀለው። መግሉ ሲፈስ እሱ ራሱ ጭምብሉን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «ይህ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። እንዴት ቻለችው?» አለ። አልቻለችውም፤ ስትጮህ ነው የከረመችው፤ የሚሰማት ነው ያጣችው። ጥርሱን በብረት ሳህን ላይ አየሁት። ያን ሁሉ ቅቤ፣ ያን ሁሉ የበግ ጭንቅላት የበላ ጥቁር ነገር ሆኖ ተጋደመ። ይህን ያህል የጠላሁት ዕቃ የለም።

ፈቃዴን አስረዝሜ ቆቦ ቆየሁ። እብጠቱ ጎደለ። የእንቅልፍ ኪኒኑን ጣልነው፤ ያለሱም ተኛች። አጥሚት፣ ቀጥሎ ፍትፍት፣ ቀጥሎ እንጀራ በላች። ጩኸቱ ቆመ። በሽታዋ ግን አልቆመም፤ ማንም እንዲያታልለኝ አልፈልግም፤ ራሴንም አላታልልም። አክስቴን «እማዬ» እያለች ትጠራታለች፤ እኔን አንዳንዴ የክሊኒክ ሰው፣ አንዳንዴ ቤት የሳትኩ እንግዳ አድርጋ ታየኛለች። አንጎሏ ውስጥ ያለው ስብ እንደተበላሸ ነው፤ እኔም አዲስ አበባ ተመልሼ በግ ከመፍጨት በቀር የማደርግላት የለኝም።

ልሄድ የተቃረብኩ ጊዜ አንዲት ጎረቤት፣ ወሬው ያልደረሳት፣ ጭንቅላት ላከች። አክስቴ መጣል አልሆነላትም። «ነውር ነው ልጄ፣ በኒያ፣ በቅን ልብ የመጣ ነው። ደግሞ ትንሽ ለማጠናከሪያ…» አለችኝ። ለመጣላት ደከመኝ። ቀቅላ በዚያው ጎድጓዳ ሳህን አቀረበችላት።

እናቴ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ ተሸበሸበ። ከዚያ በእጇ ጀርባ፣ በጣቷ ላለመንካት በእጇ ጀርባ፣ እንደ ድሮዋ፣ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«እፍ! ምንድን ነው ይሄ? ውሰጅልኝ፣ ይገማል!»

አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ደግሞ አላስተማመነም፤ እንባ ሆነብኝ። ሳህኑን ራሴ አንስቼ ውጭ ደፋሁትና ተመልሼ መደቡ ሥር፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ዞር ብላ አየችኝ። ማን እንደሆንኩ እንደማታውቅ ከዓይኗ ያስታውቃል።

«አንቺስ የማን ነሽ?» አለችኝ።

«ያንቺ ነኝ እማ።»

አላሳመናትም። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ግንባሯን ቋጠረች።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«እስቲ አምጪ።»

ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ረጅም ጊዜ አሸተተችው።

«አልታጠብሽም» አለች።

ተነስቼ ወደ ጓሮ፣ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። አክስቴ ከኋላዬ ሎሚ ይዛ መጣች።